አምፕሊፋየሬ ላይ ፋን ገጥሜአለሁ፤ ስለ ዕቃዎቹ የምለው ይኸው

ዕቃዎቹን የገዛሁት ከታይዋን ነው፤ ከኛው ከድሬዳዋው ታይዋን ከሚባለው ገበያ። አንድ ከኮምፒውተር የወጣ ባለ 12 ሳንቲ ሜትር ፋን፣ አንድ ደብሊው 1209 የሚባል ሚጢጢ ቴርሞስታት (ሙቀቱን አይቶ ፋኑን የሚያበራና የሚያጠፋ)፣ አንድ የ12 ቮልት አዳፕተር እና አንዲት ቮልቴጅ ዝቅ የምታደርግ ቦርድ። የሁሉም ዋጋ ቢደመር ከአንድ ኪሎ ሥጋ ብዙም አይርቅም። ሳሎኔ ያለውን አሮጌ አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) ለማቀዝቀዝ ነው የገዛኋቸው። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ «ይሄ ላዩ ላይ የተቀመጠው ምንድነው? ሠራልህ?» ስለሚለኝ በዝርዝር ልጻፈው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ፋኑ አንደኛ ነው። ቴርሞስታቱ ከዋጋው በላይ ይሠራል፣ ግን ጠባይ አለው። አዳፕተሩ የማይረባ ነው፤ አውጥቼ ጥዬዋለሁ። የአምፕሊፋየራችሁን ክዳን ቆርጦ ፋን የሚገጥምላችሁ ሰው ከመጣ ደግሞ ቡና ጠጥቶ ይሂድ።

ሥራዬ የፍሪጅ ጥገና ነው። ብዙ ሰው ፍሪጅ ብርድ የሚያመርት ይመስለዋል። አያመርትም። ውስጥ ያለውን ሙቀት አንስቶ ከጀርባው ይጥለዋል፣ በቃ። ከጀርባው ያለው አየር ራሱ ከጋለ ግን የሚጥልበት ያጣል። ድሬ ውስጥ «ጋዙ አልቋል» ተብለው የሚመጡልኝ ፍሪጆች ብዙዎቹ ጋዛቸው ሙሉ ነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ነው፣ ወይም ኮንደንሰራቸው፣ ያ ሙቀቱን የሚጥለው የጀርባ ቱቦ፣ አቧራ ለብሶ ነው። አምፕሊፋየርም ሕመሙ ያው ነው። ሙቀቱን የሚጥልበት ይፈልጋል።

የኔው የጃፓን ሥራ ነው፣ የ1980ዎቹ። ሁለት ቻናል፣ ክላስ ኤቢ የሚባለው የተለመደ አሠራር፣ ሁለት እጅ ይዞ የሚነሳ ከባድ ዕቃ። ጅቡቲ ከገባ ጎረቤቴ ነው የገዛሁት። ብራንዱን አልጠራም፤ ጥፋቱ የሱ አይደለምና። የሠሩት ሰዎች የድሬን ሳሎን አላሰቡም። እዚህ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪ ቢገባ ማንም አይደነግጥም። ማታም ግድግዳው ሙቀቱን ይተፋል። 25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ምቹ የሆነ አምፕሊፋየር እዚህ ገና ሳይከፈት አሥር ዲግሪ ተበድሯል።

ምልክቱ ይሄ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቼ ይሰበሰባሉ፣ የድሮ ካሴት ይገባል፣ ጨዋታው ይደራል። ከዚያ በመሃል «ቀጭ!» ይልና ድምፁ ይጠፋል። መብራቱ አለ፣ ድምፅ የለም። ይሄ ብልሽት አይደለም። ውስጡ ያለው መከላከያ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ስፒከሮቹን ነቅሎ ራሱን እያዳነ ነው። ጥቂት ጊዜ አርፎ ሲበርድ መልሶ ይይዛል። እንዲህ የሚያደርግ አምፕሊፋየር ያላችሁ እድለኞች ናችሁ። መከላከያ የሌለው ዝም ብሎ ይቃጠላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ነው። «ድምፁን እስከ መጨረሻ አትልቀቀው፣ ይግላል» ይባላል። ክላስ ኤቢ ግን በጣም የሚግለው ጥግ ላይ ሲደርስ አይደለም። መሃል ላይ ነው። አንድ ወጥ ድምፅ ሰጥተነው ብንለካ፣ 100 ዋት የሚችል አምፕሊፋየር ሙቀቱ ከፍ የሚለው 40 ዋት አካባቢ ሲያወጣ ነው። ዘፈን ወጥ ድምፅ ስላልሆነ ነገሩ ይለዋወጣል፤ ግን «ትንሽ ቀንሼዋለሁ፣ አሁን ሰላም ነው» ማለት አያስተማምንም። ዋናው ጠንቅ ሌላ ነው፦ ሁለት ጥንድ ስፒከር በአንድ መስመር መደረብ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ሲታሰሩ አምፕሊፋየሩ የሚያየው 4 ኦም ነው። ከረንቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አንዱን ሳሎን፣ አንዱን በረንዳ ያደረጋችሁ ሰዎች፣ ፋን ከመግዛታችሁ በፊት ከጀርባ የተጻፈውን ዝቅተኛ ኦም አንብቡ።

ሙቀቱ የሚጎዳው ደግሞ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ትራንዚስተሩ ነው፤ ድምፁን የሚያጎላው እሱ ነው። የኔ አምፕሊፋየር ላይ ከኔ በፊት የነካው ሰው ኦርጅናሎቹን አውጥቶ ሲ 5200 እና ኤ 1943 የሚባሉትን አስገብቶበታል፤ ጥገና ቤት ሁሉ የሚያውቃቸው ጥንዶች ናቸው። የፋብሪካው ወረቀት እያንዳንዳቸው 150 ዋት ሙቀት ይችላሉ ይላል። ይሄ ግን ቅርፊታቸው 25 ዲግሪ ላይ ከሆነ ነው። ቅርፊቱ 75 ዲግሪ ሲደርስ የሚችሉት 90 ዋት ብቻ ነው። ውስጡ 150 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ የሚችሉት ነገር የለም። አስመስለው የተሠሩት ደግሞ ገበያውን ሞልተውታል፤ ውስጣቸው ያለው ቺፕ ትንሽዬ ነው። ለነሱ ይሄን ሁሉ ሂሳብ እርሱት።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተሩ ነው። እሱ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሞተው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ሙያው ያላቸው ሁሉ የሚሠሩበት ግምት ነው። 40 ዓመት የሞላው ዕቃ ውስጥ ያለ ካፓሲተር ላይ የድሬን ሙቀት ሲጨምሩበት አስቡት።

እንግዲህ ወደ ዕቃዎቹ ልሂድ። ግን ከሁሉም በፊት ነፃ የሆነውን ላንሳ፤ ምክንያቱም ከገዛሁት ሁሉ የበለጠ የረዳው ከነፃዎቹ ነው ማለት ይቻላል። ዳንቴል! አምፕሊፋየሩ ቡፌ ውስጥ ነበር፣ መስታወት በር ያለው። ላዩ ላይ ደግሞ አማቴ በእጃቸው የሠሩት ዳንቴል ተዘርግቶበታል። ነጭ፣ ባለ አበባ፣ በጣም ቆንጆ። የአየር መውጫውን በሙሉ ሸፍኖታል። ለፍሪጅ ሥራ የምጠቀምበት ባለ ሽቦ ቴርሞሜትር አለኝ፤ ሽቦውን ሂት ሲንኩ (የትራንዚስተሮቹን ሙቀት ተቀብሎ ወደ አየር የሚለቀው አልሙኒየም) አጠገብ አስገባሁና አየሁ። ክፍሉ 33 ዲግሪ፣ ቡፌው ተዘግቶ፣ ዳንቴሉ እንዳለ፣ ድምፁ መካከለኛ፦ 79 ዲግሪ። ዳንቴሉ ተነስቶ፣ አምፕሊፋየሩ ከቡፌው ወጥቶ ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ በሁሉም ጎን አንድ ስንዝር ክፍት ሲተውለት፦ 66። ይሄ አሥራ ሦስት ዲግሪ አንድ ሳንቲም አላስወጣም። ባለቤቴ ግን «እናቴ ሲመጡ ምን ልበላቸው?» ብላ እስካሁን ታጉረመርማለች።

66 ዲግሪ ለሂት ሲንክ ሞት አይደለም። ሌላ አገር ቢሆን እዚህ ላይ ባቆምኩ። ግን የለካሁት በጥር ነው። ግንቦት ሲመጣ ክፍሉ ላይ አራት አምስት ዲግሪ ሲጨመር፣ ሂት ሲንኩም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ፋኑ የመጣው ለዚያ ነው።

ፋኑ። ከተለያዩ ያገለገሉ ፋኖች መካከል መርጬ ነው ያነሳሁት። 12 ሳንቲ ሜትሩን የመረጥኩት ሆነ ብዬ ነው። ትንሽ ፋን ያንኑ አየር ለመግፋት በጣም መሽከርከር አለበት፤ ሲሽከረከር ይጮሃል። ትልቁ ቀስ እያለ ይሠራዋል። ሂሳቡ ደስ ይላል፦ የፋኑ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ አየሩም በግማሽ ይቀንሳል፣ ጩኸቱ ግን በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፣ የሚበላው ኃይል ደግሞ ስምንተኛ እጅ ይሆናል። ስለዚህ ትልቅ ፋን ገዝቶ ማዘግየት ነው ብልሃቱ። 12 ቮልት የተጻፈበትን በ7 ቮልት ነው የማሽከረክረው። በ12 ቮልት ሲሆን ጸጥ ያለ ዘፈን ላይ «ሽሽሽ» ይላል። በ7 ቮልት ከወንበሬ ሆኜ ጨርሶ አይሰማኝም። ጆሮዬን ካስጠጋሁ ብቻ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ የምታዩት ኩሽኔታውን ነው። ርካሾቹ ፋኖች ውስጥ ተራ ቡሽ፣ ኳስ የሌለው ቀለበት፣ ነው ያለው። ቆሞ ለሚሠራ ፋን ችግር የለውም። እኛ ግን አምፕሊፋየሩ ላይ አጋድመን ነው የምናስቀምጠው፤ ተጋድሞ ሲሠራ ቡሹ ቶሎ ይበላል፣ ከዚያ መንገጫገጭ ይጀምራል። ባለ ኳስ ኩሽኔታው ተጋድሞም ይሠራል። ጀርባው ላይ ካልተጻፈ በጣታችሁ ገፋ አድርጉትና ሲያቆም ተመልከቱ። እየተንገጫገጨ ከቆመ መልሱለት። ከተቻለ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስነሱትና ጆሯችሁን አስጠጉ። ሻጩ «አቦ ጋሼ፣ አዲስ ነውኮ!» ቢልም አስነሱት።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። ቆርጬ ያወጣሁት ነገር የለም፣ የበሳሁትም የለም። ፋኑ ክዳኑ ላይ፣ ልክ ከሂት ሲንኩ በላይ ባለው መውጫ ላይ ይቀመጣል። አራት እግር አለው፤ ከባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ የቆረጥኳቸው ቁርጥራጮች ናቸው። ላስቲኩ ንዝረቱን ይይዛል፣ ክዳኑንም አይቧጭርም። አቅጣጫው ላይ ግን አትሳሳቱ። ወደ ላይ ነው የሚስበው። ሞቃት አየር በራሱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ፋኑ ያግዘው እንጂ አይጣላው። ወደ ታች የሚነፋ ፋን ሂት ሲንኩን በኃይል ይመታዋል፣ አንዳንዴም የበለጠ ያቀዘቅዛል። ችግሩ የክፍሉን አቧራ ይዞ ቀጥታ ውስጥ ይከተዋል። የድሬን አቧራ ታውቁታላችሁ። ደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነፋስ ሲነሳ ጥርሳችን ውስጥ የሚገባው አሸዋ አምፕሊፋየር ውስጥ የማይገባበት ምክንያት የለም።

ወደ ላይ ሲስብም አቧራ አይቀርም፣ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይገባል። ግን በዝግታ ስለሚስብ ያነሰ ነው። እኔ ከታች ባለው መግቢያ ላይ ቀጭን የወባ አጎበር ጨርቅ ቆርጬ አድርጌበታለሁ። አጎበሩን በየጊዜው ማጠብ ግዴታ ነው፤ ከተዘጋ ፋኑ የሚስበው አየር የለም፣ ሥራውም ለከንቱ ነው። ወፍራም ስፖንጅ አታድርጉ። ቀስ ብሎ የሚዞር ፋን ስፖንጅ አልፎ የመሳብ አቅም የለውም።

ውጤቱ፦ ከ66 ወደ 47 ዲግሪ። ያው ክፍል፣ ያው ድምፅ፣ በ7 ቮልት። በ12 ቮልት ሞከርኩት፣ 44 ሆነ። ሦስት ዲግሪ ለማትረፍ ያንን ሁሉ ጩኸት መሸከም ትርጉም የለውም። እጄን ሂት ሲንኩ አጠገብ ሳደርግ አሁን ለብ ያለ ነው።

አንድ ወንድሜ ሐረር አለ። ይሄን አይቶ «ለኔም ሥራልኝ» አለኝ። አያስፈልግህም አልኩት። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። እርግጥ ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። የኛው የድሬ አየር እንኳ ከባሕር ወለል ጋር ሲወዳደር በመቶ አሥር ያህል ቀለል ይላል። ግን ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ሲወጡ የሚቀንሰው ሙቀት ያንን ሁሉ ይክሰዋል። ዳንቴሉን ብቻ አንሳ አልኩት። ተቀየመኝ መሰለኝ።

ቴርሞስታቱ። ደብሊው 1209 እንደ ክብሪት ሳጥን የምታንስ ቦርድ ናት። ቀይ ቁጥር ታሳያለች፣ ሦስት ቁልፍ አላት፣ ረጅም ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ የሙቀት መለኪያ አላት። ልጁ ሲሸጥልኝ «ጋሼ፣ ዶሮ ሊያስፈለፍሉ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚገዛት ለእንቁላል ማስፈልፈያ ነው። የኛ ሥራ ግን ተቃራኒው ስለሆነ አንድ ነገር አስተካክሉ። የመጀመሪያው ማስተካከያ ላይ «ኤች» ከሆነ ማሞቂያ ነው፣ «ሲ» ከሆነ ማቀዝቀዣ ነው። ለፋን «ሲ» ነው የሚሆነው። ካልሆነ አምፕሊፋየሩ ሲበርድ ፋኑ ይሠራል፣ ሲግል ያቆማል።

ሁለተኛው ማስተካከያ በማስነሻውና በማጥፊያው ሙቀት መሃል ያለው ልዩነት ነው። ሲገዛ 2 ዲግሪ ላይ ተቀምጦ ይመጣል። ለእንቁላል ጥሩ ነው። ለፋን ግን ቀጭ ቀጭ ሲል ያመሻል። እኔ 5 አድርጌዋለሁ። 45 ላይ ይነሳል፣ 40 ሲደርስ ያርፋል። የፍሪጅ ቴርሞስታት ላይም ያው ነው፤ ልዩነቱን ያጠበበ ሰው ኮምፕሬሰሩን ይገድላል። ለፋን መሞት የለም፣ የሚሞተው የሰው ትዕግሥት ነው።

የወደድኩላት ሌላ ነገር አለ። አምፕሊፋየሩን አጥፍቼ ስተኛ እሷ አትተኛም። ሂት ሲንኩ ገና ግሎ ከሆነ ፋኑን እያሠራች ትቆያለች፣ ሲበርድ ራሷ ታጠፋለች። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መብራት ሲሄድ ግን ሁሉም አብሮ ይሄዳል፤ እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው።

ጠባይዋ ምንድነው? ቀዩ ቁጥር ማታ ሳሎኑን ያበራዋል። ጥቁር ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ሪሌዋ ስትይዝና ስትለቅ ትሰማለች፤ ዘፈን ሲኖር አይታወቅም፣ ዘፈን ሳይኖር ይታወቃል። መለኪያዋም ትክክለኛ አይደለችም። ከኔ ቴርሞሜትር ጋር ሳወዳድራት ሁለት ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጋ ታነብባለች። ማረሚያ አላት፣ አርሜዋለሁ። ለዚህ ሥራ ባትታረምም ግድ የለም።

አንድ ቁም ነገር፦ ቦርዷ ራሷ 12 ቮልት ትፈልጋለች። ፋኑ ደግሞ 7 እንዲሆን ፈልገናል። ለዚህ ነው ቮልቴጅ የምታወርደዋ ቦርድ የተገዛችው። ኤልኤም 2596 በሏት፣ ሁሉም ያውቃታል። ከሪሌው በኋላ፣ ከፋኑ በፊት ትገባለች። ላይዋ ያለችውን ትንሽ ቡሎን በካቻቢቴ እያዞራችሁ፣ በቴስተር እየለካችሁ 7 ላይ ታቆሟታላችሁ። ፋኑን ሳታገናኙ በፊት ለኩ። አንዳንድ ፋን ከ5 ቮልት በታች አይነሳም፣ ቆሞ ይቀራል፤ ስለዚህ በጣም አታውርዱት።

አዳፕተሩ። ላዩ ላይ 12 ቮልት፣ 2 አምፔር ይላል። ቴርሞስታቱና ፋኑ ተደምረው ግማሽ አምፔር አይሞሉም። ያም ሆኖ ሪሌው በያዘ ቁጥር ቁጥሩ ይደበዝዝ ነበር። ከዚያ የባሰው ሬዲዮው ላይ ነው። መካከለኛ ሞገድ ስከፍት «ዚዚዚዚ» የሚል ጩኸት ጣቢያውን ይውጠዋል። አዳፕተሩን ስነቅል ይጠራል፣ ስሰካ ይመለሳል። ማጣሪያ የሚባል ነገር ውስጡ የለም፤ ከፍቼ አይቻለሁ፣ ቦታው አለ፣ ዕቃው አልተገጠመም። በቤት ውስጥ የቀረ የአሮጌ ዋይፋይ ራውተር አዳፕተር አደረግኩበት። 12 ቮልት ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ በነፃ ነው። እናንተም ቤታችሁ ፈትሹ፤ ብዙ ሰው ጋ መሳቢያ ውስጥ አለ።

«ከአምፕሊፋየሩ ውስጥ ለምን መብራት አትወስድለትም?» ብሎ የጠየቀኝ አለ። አልወስድም። የፋን ሞተር የሚያወጣው ትርምስ በዚያው መንገድ ወደ ድምፁ ይገባል፣ ስፒከሩ ላይ «ውውው» ይሰማል። ለየብቻ መሆናቸው ነው የሚሻለው።

ሌሎች አማራጮችን ሳላይ አልመጣሁም። ፍሪጅ ሠሪ በመሆኔ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው የኖ ፍሮስት ፍሪጅ ፋን እንዳደርግበት ነው። ሱቄ ሞልቶ ተርፏል። ሞክሬዋለሁ፤ አየሩ በቂ ነው፣ ሞተሩ ግን ቀጥታ በ220 ቮልት የሚሠራ ነው፣ ከካሴት ማጫወቻው አጠገብ ሲሆን የ50 ኸርዙን ጉርምርምታ ወደ ድምፁ ይልከዋል። ለፍሪጅ የተፈጠረ ለፍሪጅ ይሁን። ከዚህም በላይ 220 ቮልት የተገለጠበት ነገር ልጆች ያሉበት ሳሎን ውስጥ አላደርግም።

የላፕቶፕ ማቀዝቀዣው፣ ያ ሰማያዊ መብራት ያለው፣ ከሥሩ ይደረጋል ተብሎ ይመከራል። የአምፕሊፋየሩን ክብደት አይችልም፤ ፕላስቲኩ ይጎብጣል። ሳይገለበጥ ላዩ ላይ ማድረግ ይቻላል፣ ወደ ላይ ይስባል ማለት ነው። ትንሽ ይረዳል። ቤት ውስጥ ካላችሁ ተጠቀሙበት፣ ለዚህ ብላችሁ ግን አትግዙ። ትራንስፎርመር ለሌላቸው ለቀላሎቹ አምፕሊፋየሮች ምናልባት ይሆናል።

ክዳን ስለመቁረጥ ቃል ገብቼ ነበር። ጓደኛዬ አምፕሊፋየሩን ባጃጅ ላይ ጭኖ አንድ ጥገና ቤት ወሰደው። ስሙን አልጠራም። ክዳኑን በግራይንደር ቆርጠው ፋን ገጠሙለት። ሥራው ሲታይ ያምራል፣ ወንፊትም አድርገውበታል። ግን ሲቆርጡ ክዳኑን ከዕቃው አላነሱትም። የብረቱ ብናኝ ውስጥ ገባ። ቤት ወስዶ ሲሰካው አንድ ቻናል ጭስ አወጣ። ብናኙ ሁለት የትራንዚስተር እግሮች መሃል ተጋድሞ አገኘነው። ጥገና ቤቱ «ቀድሞም ታሞ ነበር» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቤት አብረን ስናወራ ልጆች እንዲሰሙ አንፈልግም።

ውስጥ እንግባ ለምትሉ አንድ ሁለት ነገር ብቻ። ሶኬቱን ነቅላችሁ ወዲያው እጃችሁን አታስገቡ፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉ። በአንዳንዶቹ አምፕሊፋየሮች ሂት ሲንኩ ራሱ ኤሌክትሪክ አለበት፣ የፋን ቡሎን አስነክታችሁ ጉድ እንዳታደርጉ። የቴርሞስታቷን መለኪያም በባዶ አትለጥፉባት። እኔ ጫፏን በሙቀት በሚጠብቅ ላስቲክ ሸፍኜ ከመውጫው ቀዳዳ በትንሹ ነው ዝቅ ያደረግኳት፣ ሂት ሲንኩን አትነካም፣ ከሱ የሚወጣውን አየር ነው የምትለካው። ለዚህ ነው የማስነሻውን ቁጥር 45 ያደረግኩት፤ ብረቱን ብትነካ ኖሮ 55 አደርገው ነበር።

በትራንዚስተሩና በሂት ሲንኩ መሃል ያለው ነጭ ቅባት ደርቆ ከሆነ ምንም ዓይነት ፋን አይረዳችሁም። ሙቀቱ ከትራንዚስተሩ ወጥቶ አልሙኒየሙ ላይ ካልደረሰ ፋኑ የሚያቀዘቅዘው ባዶ ብረት ነው። ምልክቱ ይሄ ነው፦ ሂት ሲንኩ ቀዝቃዛ ሆኖ መከላከያው ይቆርጣል። ያኔ ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ቅባቱ ሲቀየርም በስሱ ነው። ዳቦ ላይ ቅቤ እንደሚቀባ አድርጎ የሚለቀልቅ ባለሙያ ካያችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ስለ ታይዋን ሱቁ ጥቂት ልበል። ልጁ ታማኝ ነው፣ ፋኑን ያለ ክርክር አስነስቶ አሳየኝ፣ የማይሠራውንም ራሱ ለየልኝ። ቴርሞስታቷን ግን ሳትፈተሽ ነው የሚሸጣት፣ የመመለስ ነገር የለም። 12 ቮልት ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አብርታችሁ እዩ፣ መለኪያዋን በጣታችሁ ጨብጡ፣ ቁጥሩ ሲወጣ ካያችሁ ክፈሉ። ከቀትር በፊት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ብዙው ሱቅ ወይ ዝግ ነው ወይ ባለቤቱ ጨዋታ ላይ ነው። አዳፕተር ከሱ አትግዙ።